ያስተማርሽኝ የኩዌት አረብኛ

እማ፣ የኔ ደግ፣

ካንቺ ከተለያየን ሁለተኛው ረመዳን ገባ። ያለፈውን እዚሁ ኩዌት ውስጥ፣ በየኢፍጣሩ እንባዬን እየዋጥኩ ነበር ያሳለፍኩት። የዘንድሮው ሌላ ነው። በጾሙ ምክንያት ትምህርት ቀደም ብሎ ስለሚለቀቅ፣ ከቀትር በኋላ ዶርሙ ጸጥ ሲል ጠረጴዛዬ ላይ ቁጭ ብዬ ልጽፍልሽ ጊዜ አገኘሁ። በስልክ ብታገኚኝ ኖሮ ገና ሰላም ሳትዪኝ «ሱሁር በልተሻል?» ትዪኝ ነበር። በልቻለሁ፣ እማ። እንቅልፍ ቢጥለኝ እንኳ የዶርም ጓደኛዬ አሚናታ ሳይነጋ ትቀሰቅሰኛለች።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። አባዬ ደህና ነው። ኮምቦልቻ ያለውን ሱቅ አልዘጋውም፤ ጉልበቱን ሲያመው ወንበሩን በር ላይ አውጥቶ ከፀሐዩ ጋር ይዞራል። አክስቴ ከድጃ ጁምዓ ጁምዓ እየመጣች ቤቱን ታያለች። እንደ ድሮዋ ትቆጣዋለች፣ እሱም እንደ ድሮው ዝም ብሎ ይሰማታል። የምትተኚበትን ክፍል ቀለም አስቀባው። በስልክ ሲነግረኝ «ድሪሻውን ግን አረንጓዴ አደረግኩት» አለኝ። «መስኮቱን» ማለቱ ነው። ሁለታችንም ሳቅን። አንቺን እያነሳን ስንስቅ ያ የመጀመሪያችን ነበር መሰለኝ።

«ድሪሻውን ዝጊው» ስትዪኝ ጎረቤቶቻችን እንዴት ይስቁ እንደነበር ትዝ ይልሻል? ከአረብ አገር ይዘሽው የመጣሽው ዕቃ ብዙ አልነበረም፤ ቃሉ ግን ሞልቶ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ሙባረክ አል-ከቢር በሚባለው ሰፈር፣ «ዩማ ሎልዋ» የምትያቸውን አሮጊት ስታስታምሚ ኖርሽ። ዩማ እናቴ ማለት ነው ብለሽኛል። አልጋ ላይ የዋሉ፣ ጨዋታ የሚወዱ፣ ልጆቻቸው ሥራ ሲውሉ ካንቺ በቀር የሚሰማቸው ያልነበረ ሴትዮ። አንቺም ሰማሻቸው። እሳቸው ሲያርፉ አረብኛቸው አንቺ አፍ ውስጥ ቀረ።

እኔ መድረሳ የተማርኩት የመጽሐፉን አረብኛ ነበር። ልብስ ስናጥብ፣ ሽንኩርት ስንልጥ በዩማ ሎልዋ አረብኛ ታናግሪኝና እኔ በመጽሐፉ ስመልስልሽ፣ «ዜና አንባቢ ትመስያለሽ!» ብለሽ በሳቅ ትሞቻለሽ። እንዲያ እየተጫወትን ነው ያስተማርሽኝ። ያ ጨዋታ የት እንደሚያደርሰኝ ሁለታችንም አላወቅንም።

ኩዌት ሄጄ አረብኛ የምማርበትን የነፃ ትምህርት ማመልከቻ ስሞላ፣ ታመሽ አጠገቤ ተኝተሽ ነበር። መልሱ ሲመጣ ግን ሐዘንሽ ላይ ተቀምጠን ነበር። አክስቴ ከድጃ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ፣ «አረብ አገር እናቷን በልቶብናል፤ እሷን አልሰጥም!» አለች። አባዬ መሬት መሬቱን ሲያይ ቆየና ቀና አለ። «ዘይነባ የሄደችው ልትሠራ ነው» አለ። «ይቺ የምትሄደው ልትማር ነው። እናቷ በገባችበት በር ትግባ፤ ግን ተማሪ ሆና ትግባ።» አክስቴ አለቀሰች እንጂ ከዚያ በኋላ አልተከራከረችም።

ኩዌት አየር ማረፊያ ስደርስ ታዲያ ያ በር በቀላሉ አልተከፈተልኝም። አንድ ሠራተኛ ፓስፖርቴን እንኳ ሳያይ ወደ ጥግ ጠቆመኝ። እዚያ ያገራችን ሴቶች አሠሪዎቻቸው መጥተው እስኪወስዷቸው ተደርድረው ተቀምጠዋል። ለመከራከር አቅም አልነበረኝም፤ ሄጄ ተቀመጥኩ። አንቺም አንድ ቀን እዚህ ተቀምጠሽ ነበር ብዬ አሰብኩ። ከጎኔ ያለችው ልጅ «ለየትኛው ቤት ነው የመጣሽው?» አለችኝ።

«ዩኒቨርሲቲ ነው የመጣሁት» አልኳት።

ዓይኗ ፈጠጠ። ለሌሎቹ ነገረቻቸው፤ አንዷ በዕድሜ ጠና ያለች ሴት ብድግ ብላ እጄን ይዛ ወደ ሠራተኛው ጎተተችኝና «ጣሊባ! ጣሊባ!» አለችው። ተማሪ ናት ማለቷ ነው። ሰውየው ወረቀቴን አየ፤ ይቅርታ ጠይቆ ሻንጣዬን ራሱ ገፋልኝ። ሴትየዋ ወደ ቦታዋ ስትመለስ «በርቺልን፣ እህቴ» አለችኝ። ለነሱ ሁሉ ዱዓ እያደረግኩ ወጣሁ።

አሁን ወደ ክፍሉ ልውሰድሽ። እኛ ከውጭ የመጣነው ከኩዌት ልጆች ጋር ተቀላቅለን ነው የምንማረው። አሚናታ ከሴኔጋል ናት፤ ረጅም፣ ሳቂታ፣ መጠየቅ የማይሰለቻት። ስለ አገሬው አነጋገር የሚያስተምሩን ዶክተር ሙና የሚባሉ ኩዌታዊት ናቸው፤ ጥብቅ ናቸው፣ ግን ዓይናቸው ይስቃል። በመጀመሪያው ሰሞን እያንዳንዳችን ያደግንበትን ቤት እንድንገልጽ ጠየቁን። ተራዬ ሲደርስ ተነሳሁና ልክ ላንቺ እንደምናገረው ተናገርኩ። «ከድሪሻው ሥር የናቴ ከርፋያ አለ» አልኩ።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ድሪሻን ዛሬም ሁሉም ሰው ይላል። አልጋን ግን «ከርፋያ» ብሎ የሚጠራ ሰው ካለ ጥርሱ ያለቀ ሽማግሌ ብቻ ነው። ከኋላ አንዱ «ወላሂ፣ አያቴ ከመቃብር ተነስታ መጣች!» ብሎ ጮኸ። ለክፋት እንዳልነበረ አሁን አውቃለሁ። ያኔ ግን ባንቺ የሳቁ መሰለኝ። ልቀመጥ ስል ከፊቴ ያለችው ኩዌታዊት ልጅ ዘወር ብላ በለሆሳስ አንድ ቃል አለችኝ።

«ጎሽ።»

ጆሮዬን አላመንኩትም። ከክፍል ስንወጣ ተከተልኳት። ደላል ትባላለች። «ሕፃን ሆኜ ያሳደገችኝ ያገርሽ ሰው ናት» አለችኝ። «ምግቤን ስጨርስ፣ ጫማዬን ራሴ ሳስር ትለኝ ነበር። ደስ ሲላት የምትለው መሆኑን እንጂ ትርጉሙን አላውቅም። በስልኬ ብፈልገው ቀንዳም የዱር እንስሳ አመጣልኝ!»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ስነግራት ግን እሷ አልሳቀችም። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ «ለካ እያመሰገነችኝ ነበር» አለች።

እንዲያም ሆኖ ከዚያ ቀን በኋላ ክፍል ውስጥ አፌን አልከፍት አልኩ። ያንቺ ሐዘን ገና ትኩስ ነበር። ጠዋት መነሳት አስጠላኝ፣ መቅረት አበዛሁ። አክስቴ ስትደውል «ነይ ወደ ቤትሽ፤ ማንም አይወቅስሽም» ትለኛለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ሻንጣዬን አውርጄ ልብሴን ማጠፍ ጀመርኩ። አሚናታ ከትምህርት ገብታ፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ቆማ አየችኝ።

«ሂጂ፣ አልይዝሽም» አለችኝ። «ግን ከመሄድሽ በፊት አንድ ነገር ንገሪኝ። አልጋ ለምን ከርፋያ ተባለ?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«እነሱም አያውቁም!» አለች በደስታ። «ዛሬ ክፍል ውስጥ ስለ ድሪሻ ጠየቅኩ። ከፋርስ በመርከበኞች በኩል የገባ ቃል ነው አሉ ዶክተሯ። የኩዌት ልጆች አፋቸውን ከፍተው ነው የሰሙት፤ በየቀኑ እየጠሩት አያውቁትም ነበር! ስለ ከርፋያ ስጠይቅ ግን ‹እሱን ሐያት አጣርታ ትምጣ› ብለው ላንቺ ተዉት። አሁን ብትሄጂ እኔ ሳላውቀው ልቀር ነው።»

እንደዚህ ዓይነት ሰው ናት። አጽናንታኝ ቢሆን አልሰማትም ነበር፤ ሥራ ስለሰጠችኝ ግን ልብሴን ወደ ቁም ሳጥኑ መለስኩ።

በማግሥቱ ክፍል ስገባ ዶክተር ሙና ስለ መቅረቴ አንድም ቃል አልተናገሩኝም። ለሁላችንም እንዲህ አሉ፦ «እኔ የተወለድኩት እዚህ ነው። ድሪሻን ለምን ድሪሻ እንደምንለው፣ ድሮ አንድ ከውጭ የመጣ ተማሪ እስኪጠይቀኝ ድረስ አስቤው አላውቅም ነበር። የኛ ልጆች የሚያውቁት ስለሚመስላቸው አይጠይቁም። ሽማግሌዎቻችንም ልጆቹ የሚያውቁ ስለሚመስላቸው አይነግሩም። በመካከል ብዙ ነገር ጠፋብን። እኛ ለነዚህ እንግዶች የምንሰጣቸው ትምህርት ብቻ አይደለም ያለው፤ እነሱም ራሳችንን እንድናስረዳቸው ያስገድዱናል። ሳስረዳ ነው እኔ ራሴ የማውቀው።» ከዚያም አንድ የአገሬው ልጅ፣ አንድ እንግዳ እያደረጉ አጣመሩንና ወደ ሽማግሌዎች ላኩን። እኔ ለደላል ደረስኳት።

እማ፣ የደላል ቤት የት ቢሆን ጥሩ ነው? ሙባረክ አል-ከቢር! በመኪናዋ ስትወስደኝ ጀምዕያውን፣ ያንን የሰፈሩን የኅብረት ሱቅ፣ ገና በሩቁ አወቅኩት። ለዩማ ሎልዋ ብስኩት የምትገዢበት፣ ያገርሽን ሰው ስታገኚ ጋሪውን ገፋ እያደረግሽ ለአፍታ የምታወሪበት ነው። የሠራሽበት ቤት የቱ እንደሆነ ግን አላወቅኩም፤ የዩማ ሎልዋ ልጆችም ከሰፈሩ ከወጡ ቆይተዋል። ቤቶቹ ሁሉ አሸዋማ ቀለም ናቸው፣ ሁሉም በር ላይ አንድ ዛፍ አላቸው። ስለዚህ አንዱንም ሳልለይ ሁሉንም በልቤ ሰላም አልኳቸው።

የደላል አያት በወጣትነታቸው በሸራ መርከብ ህንድ ድረስ የተመላለሱ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ግን በተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ ሆነው ከግድግዳ ጋር ነው የሚውሉት ብላ ደላል ነግራኛለች። ለጥያቄዋ ሁሉ «አዎ»፣ «አይ»፣ «ረሳሁት» ብቻ ይመልሱላታል። ተራዬ ሲደርስ፣ «አባቴ፣ ከርፋያ የሚለው ቃል ከየት መጣ?» አልኳቸው።

ዓይናቸውን ከግድግዳው አንስተው አዩኝ። ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ከርፋያ! ማን ነው ይህን ያስተማረሽ?» አሉ። መልሴን ሳይጠብቁ ማውራት ጀመሩ። ትልልቆቹ ሰዎች ቃሉ ከህንድ ከራሱ ከአልጋው ጋር የመጣ ነው ይሉ እንደነበር፣ እሳቸው ቴምር ጭነው ሄደው እንጨትና ቃል ጭነው እንደሚመለሱ፣ ሌሊት መርከቡ ላይ የሚዘፍነው ሰውዬ ድምፁ ምን ይመስል እንደነበር ነገሩን። ደላል መቅረጫውን ይዛ ደርቃ ቀረች። ለሷ በሕይወቷ ያልነገሯትን ነው የሰማችው። ቆይታ «ለምን ነግረኸኝ አታውቅም?» አለቻቸው። ግራ ገብቷቸው፣ «አንቺ እኮ የቤቱ ልጅ ነሽ፤ ታውቂያለሽ ብዬ ነዋ» አሉ።

በዚህ መሃል ሻይ መጣ። ትሪውን የያዘችው ያገራችን ልጅ ናት። በማተቧ ክርስቲያን እንደሆነች አወቅኩ። ሻዩን ከፊቴ ዝቅ ብላ ስታቀርብልኝ ፊቴ ጋለ፤ አንቺን ነው ያየሁት። ትሪውን ልቀበላት ብድግ አልኩ። እሷ ቶሎ ብላ በአማርኛ፣ «ቁጭ በይ፣ እባክሽ!» አለችኝ። «‹መርየም፣ አበሻ ተማሪ ትመጣለች› ብለውኝ ከጠዋት ጀምሮ ነው የጠበቅኩሽ። ላስተናግድሽ፤ ዛሬ እኔ ነኝ የኮራሁት።»

ተቀመጥኩ። ሻዩን በሁለት እጄ ተቀበልኳት። «መርየም ነው ስምሽ?» አልኳት።

«ብርቱካን ነኝ። እነሱ ናቸው እንዲያ የሚሉኝ።»

ደላል ምን እንደምናወራ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። የደላል እናት፣ ብርቱካን «ማዳም» የምትላቸው፣ በር ላይ ቆመው ነበር። ትንሽ አፈር ብለው፣ «መጀመሪያ ስትመጣ ስሟ ለአፋችን ስለከበደን ነው» አሉ። «ምን ማለት ነው ስሟ?»

በእጄ ሳህኑ ላይ ያለውን ፍሬ አነሳሁላቸው።

«ቡርቱጋል?» አሉ ሽማግሌው። «ብርቱካን፣ ቡርቱጋል! ይህማ የኛው ቃል ነው! ምኑ ነው የከበዳችሁ?» አሉና እንደገና ሳቁ። ብርቱካንም ትሪዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ሳቀች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት በስሟ ነው የምትጠራው። ቃል ልሰበስብ ነበር የገባሁት፤ የወጣሁት ግን አንዲት ሴት ስሟ ሲመለስላት አይቼ ነው።

ሽማግሌው ስንሰናበታቸው ጥያቄያቸውን አልረሱትም። «አልነገርሽኝም እኮ። ማን አስተማረሽ?»

«እናቴ። እዚሁ ሰፈር፣ አንድ ቤት ትሠራ ነበር።»

«የምትሰማ ሴት ነበረች» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ሄድን። በሴሚስተሩ መጨረሻ ዶክተር ሙና ሁሉም ጥንድ የሰበሰበውን ለቤተሰብና ለሰፈር ሰው በአደባባይ እንዲያቀርብ አደረጉ። ከዝግጅቱ በፊት ማዳም ብቻዬን ጠሩኝ። «ልጄ፣ እናትሽ ምን ትሠራ እንደነበር መናገር የለብሽም» አሉኝ። «ሰው ክፉ ነው፤ ያሳንስሻል።» በቅንነት ነው ያሉት፤ ከፊታቸው አውቄዋለሁ። ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። አሚናታ በሴኔጋል አያቶቿ የራሳቸውን ቋንቋ በአረብ ፊደል ይጽፉ እንደነበር ስታሳይ፣ ከፊት የተቀመጡ የኩዌት ሽማግሌዎች እየተያዩ ሲደነቁ አየሁ። ፊደላቸው ያን ያህል ርቆ መጓዙን ማን ነግሯቸው ያውቃል? ከዚያ እኔና ደላል ቀረብን። የአያቷን ድምፅ አሰማን። እሳቸውም አዳራሹ ውስጥ ነበሩ፤ «ብርቱካን ካልወሰደችኝ አልሄድም» ብለው ስለነበር ወንበራቸውን እሷ ገፍታ፣ አጠገባቸው ከእንግዶቹ ጋር ተቀምጣለች። ስንጨርስ አንዲት ሴት እጃቸውን አውጥተው፣ «ልጄ፣ ይህን የናቶቻችንን አነጋገር አንቺ ኢትዮጵያዊት ሆነሽ ከየት ተማርሽው?» አሉኝ።

ማዳምን አየኋቸው። አንገታቸውን ደፍተዋል።

«ከናቴ ነው» አልኩ። «እናቴ ዘይነባ እዚህ አገር የቤት ሠራተኛ ነበረች። ከናቶቻችሁ አንዷን አስታመመች። እሳቸው ቋንቋቸውን ሰጧት፤ እሷም ለኔ ሰጠችኝ። እሷ ዛሬ በሕይወት የለችም፤ ቋንቋውን ግን ይዤላችሁ መጥቻለሁ።»

የደላል አያት ከወንበራቸው ላይ፣ በዚያ መርከብ ላይ ይጣሩበት በነበረው ድምፅ ይመስለኛል፣ «አላህ ይርሐምሃ!» አሉ። አላህ ይዘንላት። ከኋላቸው አንዱ ደገመው፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ስትኖሪ ስምሽን ያላወቀ አገር፣ ቆሞ ዱዓ አደረገልሽ። ደላል እጄን ጨብጣ ይዛኝ ነበር። ለአባዬ በስልክ ነገርኩት። አክስቴ ከድጃ ስልኩን ነጥቃው «ድገሚልኝ» አለችኝ። ደገምኩላት። «በይ እንግዲህ ተማሪ» አለችኝ፤ ከሷ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ማዳም ግን ሳያናግሩኝ ነው የወጡት። አሳዝኛቸው ይሆን ብዬ ስጨነቅ ሰነበትኩ። ብቻ ብዙም ሳይቆይ ብርቱካን ጁምዓ ከሰዓት ዕረፍት እንደተሰጣት ነገረችኝ። እሷ፣ አሚናታና እኔ አቡ ሐሊፋ የሚባል የባሕር ዳር ሰፈር ሄድን፤ ብርቱካን እዚያ ቤት የተከራዩ ያገሯ ልጆች አሏት። ከነሱ ጋር በልተን ወደ ባሕሩ ወረድን። አንቺ ያን ሁሉ ዓመት እዚህ ኖረሽ ባሕሩን ከመኪና መስኮት ብቻ እንዳየሽው ነግረሽኛል። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ውሃው ለብ ያለ ነው፣ እማ፤ አሸዋው ከእግር ሥር ይሸሻል። ይህን እንድታውቂ ነው የምነግርሽ።

ዶክተር ሙና ከዚያ ዝግጅት በኋላ አዲስ ሐሳብ አመጡ። እኛ ከውጭ የመጣነው፣ ፈቃደኛ የሆንን፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቋንቋችንን ለፈለገ የአገሩ ሰው እንድናስተምር። «አማርኛ ማን ይማራል?» አልኳቸው። «በየቤታችን የሚነገር ቋንቋ እኮ ነው» አሉኝ። «እኛ ነን ያልሰማነው።»

የመጀመሪያው ትምህርት ረመዳን ሊገባ ሲል ነበር። ባዶ ክፍል ጠብቄ ነበር የሄድኩት። ደላል ከፊት ተቀምጣለች። ክሊኒክ የምትሠራ ኩዌታዊት ነርስ መጥታለች፤ ታካሚዎቼ የቱ ጋ እንደሚያማቸው ልሰማ ብላ። ሌሎችም አሉ። ልጀምር ስል በሩ ተከፈተና ማዳም ገቡ። ጥቁር አባያቸውን ሰብስበው፣ እንደ ተማሪ ደብተር ይዘው፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ፊደል የምጀምረው በምን እንደሆነ ሳስብ ሰንብቼ ነበር። ሰሌዳው ላይ ስምሽን ጻፍኩ። ዘ፣ ይ፣ ነ፣ ባ። አንድ በአንድ አስነበብኳቸው። «ዘይነባ» አሉ አንድ ላይ። ነርሷ ማን ናት ብላ ጠየቀችኝ፤ ደላል ቀድማኝ «እናቷ ናት» አለች።

ሰላምታ ተማርን፣ አመሰግናለሁን ተማርን። ሊያልቅ ሲል ማዳም እጃቸውን አወጡ። «አንዲት ሴትን ‹ደክሞሻል ወይ› ብዬ መጠየቅ ብፈልግ እንዴት ነው የምለው?» አሉኝ።

«ደክሞሻል?» አልኳቸው።

«ደክሞሻል» አሉ። መጨረሻውን ከፍ ካላደረጉት ወሬ ይሆናል፣ ከፍ ካደረጉት ጥያቄ ይሆናል አልኳቸው። ደጋግመው ሞከሩት፤ ክፍሉ በሙሉ አብሯቸው ሞከረው። ሲሆንላቸው ደብተራቸው ላይ በአረብ ፊደል ጻፉት። ከዚያ ቀና ብለው፣ «መልሱንም አስተምሪኝ» አሉኝ። «ደክሞኛል ብትለኝ እንዴት እንደምትል፣ አልደከመኝም ብትለኝም እንዴት እንደምትል። ጠይቄ መልሱ ሳይገባኝ እንዳልቀር።»

ሁለቱንም ጻፍኩላቸው። ፊቴን ወደ ሰሌዳው አድርጌ ቆየሁ።

ብርቱካን አሁን ሁዳዴ ላይ ናት፣ እኔ ረመዳን ላይ። ሁለታችንም ጾመኞች ነን እያለች ትስቃለች። ማዳም ማታ ማታ ይጠይቋታል አለችኝ። መጀመሪያ ደንግጣ «አልደከመኝም» ስትል ነበር። በቀደም ግን «አዎ፣ ደክሞኛል» አለቻቸው። ገባቸው። ዕቃውን ደላል አጠበች።

እማ፣ ይህን ሁሉ ያመጣሁት እኔ አይደለሁም። ዩማ ሎልዋ አወሩ፣ አንቺ ሰማሽ፣ አባዬ በሩን ከፈተልኝ፣ አሚናታ ጠየቀች፣ ዶክተር ሙና ለጥያቄ ቦታ ሰጡ። እዚህ ተማሪ ሆኜ ስኖር የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ እንግዳ ወደ ሰው አገር ትምህርት ሊወስድ ብቻ አይመጣም። እኔ የመጣሁት አንቺን ይዤ ነው፤ እነሱም ሲቀበሉኝ አንቺን ተቀበሉ። ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ። አንቺም ብትኖሪ ታመሰግኛቸው እንደነበር ስለማውቅ፣ በስምሽም አመሰግናቸዋለሁ።

ቃል ልግባልሽ። እስክመረቅ ድረስ፣ ከተመረቅኩም በኋላ በማስተምርበት ቦታ ሁሉ፣ አዲስ ተማሪ በመጣ ቁጥር ሰሌዳው ላይ መጀመሪያ የምጽፈው ስምሽን ነው። አይተውሽ የማያውቁ ሰዎች አማርኛ ማንበብ የሚጀምሩት ባንቺ ነው። ማን ናት ብለው መጠየቃቸው አይቀርም፤ እኔም መንገሬ አይቀርም።

አንቺ እረፊ። ስምሽን እኔ እይዘዋለሁ።

ልጅሽ፣ ሐያት